ሕግ የማይደርስበት ልጅ

ጤናዬ ስልኳን አሮጊቷ ፊት ትደቅናለች። «ይሄን ሰው ያውቁታል?»

ወይዘሮ አመተ ማርያም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያያሉ። «ላቀው አይደል? ደባርቅ ልብስ የሚሰፋው፣ ባልሽ።»

«ከፎቶው ሥር ያለውን ላንብብልዎት። ‹ልጆቻችንን እየጠቆመ የሚያሳስረው ባንዳ ይኸውላችሁ!› የጻፈው ልጅዎ ነው፤ ምሥጋናው። በማግስቱ ሱቃችንን በድንጋይ ሰባበሩት። ባሌ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል። አንድ ዓይኑ ፈሷል።»

አሮጊቷ ደረታቸውን ይይዛሉ። «የኔ ልጅ? እሱ እኮ ያለው ውጭ አገር ነው!»

«ፖሊሱም ያለኝ ይህንኑ ነው!» የጤናዬ ጩኸት የዳባትን አስፋልት ተሻግሮ ይሰማል። «ጸሐፊው ሰው አገር፣ ኢንተርኔቱም የሰው አገር፤ የእኛ ሥልጣን እዚያ አይደርስም አለኝ። የወረወሩትስ ስለው፣ ሕዝብ ነው፣ ማንን ልያዝ አለኝ። ድንጋዩ ግን ደርሷል እማማ! እቤቴ ድረስ ደርሷል!»

አሮጊቷ የራሳቸውን ስልክ ከመቀነታቸው ፈትተው ይሰጧታል። «ደውይለት። እኔም ልስማው።»

«እማዬ፣ ደኅና ነሽ?» ይላል ምሥጋናው በስልኩ ድምፅ ማጉያ።

«ላቀው ሰው ሲያሳስር አይተሃል?»

«ማለት… ሰው ነው መረጃውን የላከልኝ።»

«አጥፋው። ዋሽቻለሁ ብለህም ጻፍ።»

«ስንት ሰው ተቀባብሎት! አሁን ባጠፋው እኔኑ ተገዛ ይሉኛል። ደግሞ አትስጊ እማዬ፣ እዚህ ድረስ መጥቶ የሚከሰኝ የለም።»

ጤናዬ ልትሰድበው አፏን ትከፍታለች። አሮጊቷ ይቀድሟታል።

«አንተንማ ማን ይከስሃል! እኔ ግን ያለሁት እዚህ ነው።» ነጠላቸውን ከተሰቀለበት ያወርዳሉ። «አሁኑኑ ደባርቅ ሄጄ የሰውየው ሱቅ በር ላይ እቆማለሁ። የምሥጋናው እናት ነኝ፣ ልጄ ዋሽቷል እላለሁ። የሚወግር ካለ እኔን ይውገረኝ።»

«እማዬ! እንዳትሄጂ! ሰዎቹን አታውቂያቸውም፣ ይገድሉሻል!»

«ይገድላሉ?» ትላለች ጤናዬ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ። «እንደሚገድሉ እያወቅህ ነው የጻፍኸው?»

 ቀና ስትል አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጥተዋል። አስፋልቱ ዳር ቆመው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል ለሚመጣው ሚኒባስ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጤናዬ እየሮጠች ትከተላቸዋለች፤ ምሥጋናው መዳፏ ውስጥ ባለው ስልክ «እማዬ! እማዬ!» እያለ ይጮኻል።