ለአራስ የሚሆን ቡላ

ጣቢታ ቀኝ እግሯን አንስታ የእንሰቱን ግንድ ሳንቃው ላይ ረግጣ እንደያዘች፣ ወገቧን ቀጥ አድርጎ ያዛት። ወደፊትም የለ፣ ወደኋላም የለ። የቀርከሃ መፋቂያዋ ከእጇ ወደቀ።

«ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ አሳልፈኝ!» አለች በለሆሳስ። «ከዚያ እንዳሻህ።»

እንሰቱ ተቆርጧል፤ የተቆረጠ እንሰት ደግሞ ወገብሽ እስኪሻልሽ ልጠብቅ አይልም። ሆሳዕና ከተማ ያለችው ልጇ ሐዳሳ ወሯ ገብቷል። «እማ፣ አትልፊ፣ ቡላውን ከገበያ እገዛለሁ» ብላ ደውላ ነበር። የገበያ ቡላ! ያውም ለመጀመሪያ ወሊዷ! እናቷ ሞታለች እንዴ?

ወገቧን ጎረቤቶቿ «ብርድ ነው» እያሉ በቅቤ ሲያሹላት ከርመዋል፤ እሷም አምናቸው ነበር። በቀደም ግን ክሊኒክ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «እስቲ እንዴት እንደሚሠሩ ያሳዩኝ» አለቻት። ጣቢታ በሩ መዘጋቱን አይታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና እግሯን አነሳች። ባለሙያዋ ደነገጠች።

«እናቴ፣ ይሄ ብርድ አይደለም። ወገብዎን የጎዳው እንዲህ ተጣጥፈው ቀኑን ሙሉ መዋልዎ ነው። ቢተዉት ጥሩ ነበር። ካልሆነም ጀርባዎ መደገፊያ ይኑረው፣ ቶሎ ቶሎ ይረፉ።»

መደገፊያ! እንሰት ጓሮ ውስጥ ማን ሶፋ አስቀመጠላት? ማታ ለባሏ ስትነግረው ስቃ ስቃ ሞተች። እሱ ግን አልሳቀም።

«የሐዳሳ እናት!»

ባሏ ኤሊያስ ነው፣ ከእንሰቱ ማዶ። «ምነው ዝም አልሽ? የመፋቂያሽን ድምፅ እየሰማሁ ነበር፣ ቆመብኝ።»

«ደህና ነኝ። ሂድ አንተ!»

ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ አይደርስም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯን ሰቅላ ነው የምትሠራው፤ ነውር ነው። ኤሊያስ አይሱዙ እየነዳ ያልዞረበት አገር የለም፣ ከዚህች የእንሰት መስመር ግን አልፎ አያውቅም።

«መነሳት አቅቶሻል?»

በእጇ መሬቱን ተደግፋ ሞከረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አቅቶኛል» አለች በመጨረሻ።

«ልግባ?»

«እንዳትገባ! ሰው ምን ይላል? ሙሉነሽን ከጎረቤት ጥራልኝ።»

«ሙሉነሽ ጃጁራ ገበያ ወርዳለች።» ከዚያም «በቃ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እገባለሁ። አላይሽም» አለ።

እምቢ ከማለቷ በፊት ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ያ ግዙፍ ሰውዬ መሬቱን በተረከዙ እየዳበሰ፣ የኋሊት እየተራመደ መጣ። ተረከዙ ቡላ የሚሆነው ጭማቂ የሚጠራቀምበትን ባልዲ ገጨው።

«ኧረ ቡላዬን እንዳትደፋው!» ጣቢታ ሕመሟን ረስታ ጮኸች። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት።

ኤሊያስ እያቃሰተ ከኋላዋ ተቀመጠ።

«አንተም ወገብህን?»

«የኔ የመሪ ነው፣ ያንቺ የሳንቃ። አቻ ለአቻ ነው ያጋቡን።»

ጀርባው ጀርባዋን ነካ። ሰፊ ነው፤ ይሞቃል። መጀመሪያ ፈራ ተባ አለች። ከዚያ ክብደቷን ቀስ በቀስ ለቀቀችበት፤ የተቆለፈው ወገቧም በዚያው ልክ ይላላ ጀመር። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ተደገፊ እንጂ» አለ። «ያቺ የክሊኒክ ልጅ መደገፊያ ብላሻለች አይደል?»

«ለዚህ ነው ያን ማታ ስስቅ ዝም ያልከኝ?»

«ከየት እንደማመጣልሽ እያሰብኩ ነበር።»

ጣቢታ ይህን ሰውዬ ትወደዋለች፤ እንዲህ አድርጋ እንደምትወደው ራሷም ረስታው ነበር።

«ሰው ቢያይህስ?»

«የልጄን ቡላ እየፋቅን ነው እላለኋ!»

«እየፋቅን? ወይ አንተ! ሥራው የማን ሆነና!»

«ሲደክምሽ ንገሪኝ፣ እናርፋለን።»

መፋቂያውን ከጭኗ ሥር ዳብሳ አነሳች። አንዴ ፋቀች፣ ደገመች። ጭማቂው ወደ ባልዲው መውረድ ጀመረ። ከኋላዋ ኤሊያስ፣ ዓይኑን ከእንሰቱ ቅጠል ላይ ሳይነቅል፣ እሷ ወደፊት ስትል አብሯት ወደኋላ፣ ወደኋላ ስትል አብሯት ወደፊት ይወዛወዛል።