የፑርባ ምስክር

ባየሽ የባሏን አለቃ ፕሮፌሰር ኢንግሪድን ትወዳት ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ካላንደር ስትገዛ አንድ ለእሷ ትጨምራለች። ኢንግሪድም ሴንት ፖል ያለው ቢሮዋ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዋ በላይ ሰቅላው ለገባው ሰው ሁሉ «አሥራ ሦስት ወር!» እያለች ታሳያለች። ይህ ሁሉ እንግዲህ ደብዳቤው እስኪጠፋ ድረስ ነው።

የባየሽ ባል ሐብተማርያም አገር ቤት የቋንቋ መምህር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ገጠር ለገጠር ዞሮ የሰበሰበውን ቃላት አንድ የውጭ አገር ምሁር ወስዶ በራሱ ስም አሳተመው። መግቢያው ላይ «ሾፌሬን ሐብተማርያምን አመሰግናለሁ» የሚል አንድ መስመር አለ። ሐብተማርያም ደግሞ መኪና መንዳት የተማረው ሚኒሶታ ከመጣ በኋላ ነው! መጽሐፉ ብሩክሊን ሴንተር ቤታቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ አያነበውም፣ አይጥለውም።

ኢንግሪድ የዛሬ ሁለት ዓመት ከፓርኪንግ ጥበቃ አውጥታ የቀጠረችው የድሮ ደብዳቤ አንብቦ በኮምፒውተር እንዲጽፍ ነው። ደብዳቤዎቹ የሜጀር ሃርግሬቭ ናቸው። ሰውየው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት፣ ሂማላያ ተራራ ሥር፣ ሲኪም ላይ የእንግሊዝ ሹም ነበር። የተራራውን ሰዎች ቋንቋ መዝገበ ቃላት ጽፎ ስሙን ተከለ። ኢንግሪድም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ስታጠና ኖራ መጽሐፏ ሊታተም ነው።

የሜጀሩ ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው። «የሰው ጽሕፈት የሚገባው እጅ ሲለምደው ነው» ይላል ሐብተማርያም። ከሥራ ሲገባ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ቀለም እየነከረ፣ የሜጀሩን ፊደል አንድ በአንድ ይገለብጣል።

«ቄስ ትምህርት ቤት ተመለስክ?» ትለዋለች ባየሽ።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ ፑርባ የሚባል የአገሬው ጸሐፊ አለ። «ፑርባ ሰባ ቃል አመጣልኝ» ይላል አንዱ። «ፑርባ አስቸገረኝ» ይላል ሌላው። ከዚያ «ፑርባን አሰርኩት»። ከዚያ ምንም። መዝገበ ቃላቱ ላይ ስሙ የለም።

«ሾፌሩን ገደሉት» አለ ሐብተማርያም አንድ ቀን እራት ላይ። የትኛውን ሾፌር ብላ አልጠየቀችውም።

ያን የበረዶ ክረምት ጠባዩ ተለወጠ። ቡና ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው፣ ድስት ሙሉ ሻይ አጥቁሮ እያፈላ፣ ሳይጠጣው ያቀዘቅዘዋል። ሐሳብ ነው ብላ ተወችው።

በጃንዋሪ መጨረሻ ሲሮጥ ገባ። ከአንድ የሜጀሩ ደብተር ሽፋን ውስጥ ማንም ያላየው ደብዳቤ አግኝቷል። ስልኩ ላይ ያነሳውን ፎቶ እየተረጎመ አነበበላት።

«ጋንግቶክ፣ ፌብሩዋሪ 30፣ 1893። እህቴ ሆይ፣ መዝገበ ቃላቱ የእኔ አይደለም። ቃሉን ሁሉ የሰበሰበው ፑርባ ነው። ስሜ ይጻፍልኝ ስላለ አሰርኩት። ትናንት እስር ቤት ሞተ።»

ባየሽ አለቀሰች። አይታው ለማታውቀው ሰው፣ አልቅሳ አልቅሳ አልወጣላት አለ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። የፑርባ የልጅ ልጅ ልጅ ከሲኪም ድረስ ልትመጣ ነው። ሐብተማርያም በምሁራን ፊት ቆሞ፣ ስሙ ከነአባቱ ተጠርቶ፣ ደብዳቤውን ሊያነብ ነው። ባየሽ ሱፉን ላውንደሪ ሰጠች።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ኢንግሪድ «እስቲ አንዴ ልየው» ብላ ደብዳቤውን ወሰደች። በማግስቱ ደብዳቤው፣ ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡበት ሣጥን ውስጥ የለም። ስካን የተደረገው ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ስብሰባው ተሰርዟል።

«ሐብተማርያም፣ እባክህ ይሄን ነገር እንተወው» ብቻ ነው ኢንግሪድ ያለችው።

ሐብተማርያም ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እህል በአፉ አልዞረም።

«ክሰሳት እንጂ!» አለችው ባየሽ። «መጽሐፏ እንዳይበላሽባት ነው! የሠራተኛ ዩኒየን የለህም? ጠበቃ ጠፋ?»

«ተይው፣ ባየሽ።»

«እንዴት እተወዋለሁ? አሁንም ሾፌር ሆነህ ልትቀር?»

«ተይው አልኩሽ።»

ባየሽ እቴ! ሻኮፒ መጋዘን ስትሠራ ሳጥን ተሸክማ የማትደክም ሴት ይሄን ትተወዋለች? ሰኞ ኦፍ ነበረች። በረዶውን ከመስታወቱ ላይ ፍቃ፣ መኪናዋን አስነስታ፣ ሴንት ፖል ገባች። የኢንግሪድን ቢሮ ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ባሌን ሁለተኛ ጊዜ ልትቀብሩት ነው?» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ደብዳቤውን አምጪ!»

ኢንግሪድ ተነስታ በሩን ዘጋችው። ፊቷ ከስቷል።

«የደበቅኩት ለእሱ ብዬ ነው።»

«ውሸታም! ለመጽሐፍሽ ብለሽ ነው። እኛ አገር እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የፑርባን የልጅ ልጅ ልጅ ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ። ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ ጋዜጣ ላይ አወጣዋለሁ!»

«አታድርጊው፣ ባየሽ። ስለ እግዚአብሔር።»

«ምን እንዳልሆን?»

ኢንግሪድ የተቆለፈውን መሳቢያ ከፍታ ደብዳቤውን አወጣች። ሻይ የመሰለውን አሮጌ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከላይ፣ «ፌብሩዋሪ 30» ከሚለው ቀን ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች።

«ባየሽ፣ ይሄ ወር ሠላሳ የሚሞላው አንቺ በሰጠሽኝ ካላንደር ላይ ብቻ ነው።»