ሦስት ከተማ ለአንዲት እናት

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ እንደነገረችኝ፣ ሴቷ ልጄ ትናንት ከሰዓት የግቢው በር ላይ ቆማ በስልክ፣ «ቤቱን የሚያዩት እማ ከሄደች በኋላ ነው፣ አሁን እንዳይመጡ» ብላለች። ልብስ ሰፊዋ መቼም ትጨምራለች። ከአንድ ክንድ ጨርቅ ሁለት ቀሚስ የምታወጣ ሴት ናት፣ ወሬም እንደዚያው። ግን «አሁን እንዳይመጡ» የምትለዋን ከየት ታመጣታለች? እንዲህ ያለች ቃል የምትሰማ እንጂ የምትፈጠር አይደለችም።

እና ዛሬ ከቁርስ በኋላ ሁለቱ ልጆቼ ግራና ቀኜ ተቀምጠው፣ ዕድሜሽን ሙሉ ለኛ ስትለፊ ኖርሽ፣ አሁን ደግሞ ትልልቆቹን ከተሞች እናሳይሽ፣ አንዱን ምረጪ ሲሉኝ፣ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። በዚህ ዕድሜ ሞኝ መምሰል ከመነጽር ይሻላል፣ ብዙ ያሳያል።

ምላጯን ግን በጠዋቱ አስጠርቻታለሁ። የአርባ ዓመት ወዳጄ ናት፣ ስሙን ያወጣላት ምላሷ ነው። የተበደረችውን ወንፊት ልትመልስ የመጣች መስላ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ወንፊቱ የራሷ ነው። የቤቴ ወረቀት ደግሞ ጡቷ ሥር ተሸጉጧል። ይሄን ቤት ከአባታቸው ጋር ከአንድ ክፍል ጀምረን ነው የሠራነው፣ ሬሳዬ ካልሆነ በቀር ከዚህ የሚወጣ ነገር የለኝም ብያታለሁ።

ወንዱ ልጄ ስልኩን አወጣና ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። እሱ የሚኖረው ሐይቁ ያለበት ከተማ ነው። እህቱ የምትኖረው ዳገቱ ላይ፣ የድሮ ግንብ ያለበት ከተማ ነው። ሰው መቼም የሚያሞግሰው የሚኖርበትን ነው። ይሄም ልጅ በመጣ ቁጥር ጀልባው፣ ወፉ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ውኃው የሚሆነው እያለ ጆሯችንን ሲበላው ነው የኖረው። ዛሬ ግን የእህቱን ከተማ ማሞገስ ያዘ። ግንቡ፣ ሙዚየሙ፣ አየሩ። ሐይቅማ ለካ ትንኝ ነው፣ እርጥበቱም ለጉልበት አይሆንም።

እህቱ አልዘገየችም፣ ሐይቁን አነሳች። የሷ ከተማ ደረጃ ብቻ ነው፣ ግንቡም ቢሆን ድንጋይ ነው፣ ድንጋይ ምን ይታያል? ሐይቅ ግን መንፈስ ያድሳል፣ ደግሞ ወንድሜ እዚያ ሰፊ ቤት አለው። እሱ ቤቱ እድሳት ላይ ነው አለ። እሷ የኔማ ጠባብ ነው አለች። አምና ስታወራልን አራት ክፍል ነበረው።

አንገቴን ወዲህና ወዲያ ሳመላልስ ኳስ ጨዋታ የማይ መሰለኝ። ከሁለቱ አንዱም ኳሷን እግሩ ሥር ማቆየት አልፈለገም። ኳሷ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ሁለቱም ተያዩ። ይችን አስተያየት አውቃታለሁ። ልጆች ሆነው መስተዋት ሰብረው በድመቷ ያሳበቡ ዕለትም እንዲሁ ነበር የተያዩት።

«ሦስተኛም አለ» አለች ሴቷ። ፍል ውኃ ያለበት ከተማ። እዚያ ዘመድም የለን፣ የምናውቀውም ሰው የለም። ወንድሟ ግን ፎቶው ተዘጋጅቶለት ኖሯል፣ ወዲያው ከፈተው። አበባ አለ፣ እንፋሎት የሚወጣው ገንዳ አለ፣ ነጭ አንሶላ የለበሰ አልጋ በተርታ አለ። ማረፊያው ሐኪም አለው አለኝ፣ ነርስ አለው፣ ምግቡም ጨው የለውም።

ስልኩን ተቀብዬ ዓይኔ ድረስ አስጠጋሁት። ጎብኚዎቹ ሁሉ እኩዮቼ ናቸው። አገር ሊያይ የወጣ ሰው ጫማ ያደርጋል፣ እነዚህ ሁሉ የቤት ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት።

ለስንት ቀን ነው ልል ፈለግኩና ተውኩት። ምን ልያዝ ታዲያ አልኩ።

ምንም አታስቢ፣ ሻንጣሽን እኔ አዘጋጅቼዋለሁ አለች ልጄ። ሁለቱን የብርድ ሹራብ፣ ወፍራሙን ብርድ ልብስ፣ መድኃኒትሽን። «የአባባንም ፎቶ ከትቼልሻለሁ።»

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ሚስማሩ ብቻውን ነው። ሰውየውን ፍል ውኃ ድረስ ምን ሊሠራ ይወስዱታል? በሕይወት እያለ እንኳ ዋና አይችልም ነበር።

ሳልስቅ ቀረሁ። ልጄም ከሚስማሩ ላይ ዓይኔን እስክመልስ አልጠበቀችም፣ የቀሚሷን ጠርዝ ማፍተልተል ያዘች።

«እሺ እማ» አለ ወንዱ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ ጣቱ ገንዳው ላይ እንዳለ። «የቱን መረጥሽ?»

ምላጯ ወንፊቷን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እኔ አንዱንም አላየሁት፣ ሦስቱም ጥሩ ይሁኑ» አለች። «እናንተ ብቻ አንድ ነገር ንገሩኝ። እናታችሁ የምትመለሰው ከየትኛው ነው?»

የወንዱ ልጄ ስልክ መዳፉ ላይ እንዳለ መብራቱ ጠፋ። መልሶ የሚያበራው አልተገኘም።