የቡንሄንግ ተራ

ቡንሄንግ መረቡን በትከሻው ጥሎ ባሕሩ ሲሸሽ ዓሣ አግዶ ወደሚያስቀረው የድንጋይ ግንብ፣ ወደ ዓሣ በረቱ ሲዘልቅ፣ የአጎቱ ልጅ ሲንጋይ ግንቡ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ባሕሩ እየሸሸ ነው፤ በረቱ ውስጥ የቀረው ዓሣ እርስ በርሱ ይጋፋል። የፔንግሁ ደሴቶች የብርድ ወራት ነፋስ የሁለቱንም ልብስ ያርገበግባል።

«ተመለስ» አለው ሲንጋይ። «ክንድህ ላይ የሐዘን ጨርቅ አለ።»

«ዛሬ የማጥመድ ተራው የኛ ቤት ነው፣ ወንድም ጋሼ። አባቴ ቢሞት ተራው አልሞተም።»

«ሰባቱ ሳምንት ሳይሞላ ሐዘንተኛ እዚህ አይረግጥም፤ በረቱን ያረክሳል። ዛሬ እኔ አጠምዳለሁ።»

«ዛሬ ካጠመዱ ተራው ለዘለዓለሙ የእርስዎ ሆኖ ይቀራላ!»

«ይቅራ!» ሲንጋይ ቅርጫት ይዘው ዳር ወደ ቆሙት የመንደሩ ሰዎች ዞረ። «ሰማችሁት? የአባቱ አፈር ሳይደርቅ ሆዱን ያስባል!»

ቡንሄንግ መረቡን ጣለና በጡጫ አፉን አለው። ሲንጋይ ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም፤ የቡንሄንግን ፀጉር ጨምድዶ ፊቱን ከግንቡ ጋር አላተመው። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ዛጎል ጉንጩን እንደ ምላጭ ተለተለው። ከዚያ ማጅራቱን ይዞ ውኃ ውስጥ ደፈቀው።

ጨው በአፍንጫው ገባ። አየር አጠረው። ሲዳብስ እጁ ከግንቡ ድንጋዮች አንዱ ላይ አረፈ፤ ነቀነቀው፣ ፈለቀቀው፣ ወደ ላይ አሽቀነጠረው። ማጅራቱ ላይ የነበረው ክብደት ለቀቀው።

ብቅ ሲል ሲንጋይ ተንበርክኳል፤ ቅንድቡ ተከፍሎ ደሙ በአንገቱ ይወርዳል። ቡንሄንግ ድንጋዩን መልሶ አንስቶ በሁለት እጁ ከጭንቅላቱ በላይ ያዘው።

«የማን ተራ ነው? ተናገር እንጂ! የማን ነው?»

ሲንጋይ አላየውም። ዓይኑ ድንጋዩ ከተነቀለበት ቦታ ላይ ነበር። የላይኞቹ ድንጋዮች ተንደዋል፤ ውኃው በክፍተቱ እየተንደቀደቀ ወደ ባሕሩ ይወጣል፣ ዓሣውም ተከትሎ ይጎርፋል። ከዳር አንዲት ሴት ጮኸች።

ሲንጋይ በደረቱ እየተሳበ ሄዶ ጀርባውን ክፍተቱ ውስጥ ወሸቀ።

«ምን ያስገትርሃል፣ አንተ ደደብ!» ደም ተፋ። «መረብህን ጣል! ዓሣህ ሊያልቅብህ ነው እኮ!»

ቡንሄንግ ድንጋዩን ወርውሮ መረቡን አነሳ። ስለ ሐዘኑ ማንም ቃል አልተነፈሰም። እስከ ወገቡ ገብቶ መረቡን ዘረጋ፤ ዓሣው የሲንጋይን ደረት እየመታ፣ በቀላው ውኃ ውስጥ ወደ መረቡ ተመለሰ።