ጉማሬ የሌለበት መጽሐፍ

አሳዛኝ ልብ ወለድ ሁሉ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በካርቱን እየታየ መጨረሻው ሠርግ እንዲሆን ከተደነገገ ወዲህ፣ ለቅሶ መድረስ የሚያውቅ ልጅ ጠፋ። የውድነሽ ልጅ ፌቨንም ባለፈው ሳምንት፣ ባላቸው የሞቱባቸውን ጎረቤታቸውን እትዬ አጸደን እየሳቀች «ጋሼ መቼ ነው የሚመለሱት?» አለቻቸው። ውድነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዛሬ ከሣጥን ሥር፣ ከድንጋጌው በፊት የታተመ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አውጥታ አነበበችላት። ሙሽራው ዓባይን ሲሻገር ደራሽ ውኃ ወሰደው።

«ጉማሬው መጥቶ በጀርባው ያወጣዋላ!» አለች ፌቨን፣ ይህንኑ ታሪክ በካርቱን እንዳየችው።

«እዚህ ጉማሬ የለም፣ የኔ እናት።»

የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ውድነሽ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት እቅፍ አድርጋ ሳመቻት።

«እማ፣ ሙሽሪትን ማን ለቅሶ ደረሳት?»

«ይኸው፣ እኛ ደረስናት።»

ፌቨን እንባዋን ጠርጋ ጫማዋን ፈለገች። እናቷን አስከትላ እትዬ አጸደ ቤት ገባችና ምንም ሳትጠይቅ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

እትዬ አጸደ ፊታቸው ፈካ። «ተባረኪ ልጄ» አሉ፤ «ነይ፣ እሳቸው ምን ዓይነት ቀልደኛ እንደነበሩ ላጫውትሽ።»