አንተ ወይስ አንቺ

ሐኪሞቹ ብዙ እንደማይቆይ ሲነግሩት ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ለልጁ ምክሩን ጽፎ ሊተው ወረቀት አስመጣ። ወንድ ይሁን ሴት ስለማያውቅ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ አንዱን «አንተ»፣ ሌላውን «አንቺ» እያለ።

ሚስቱ ወልዳ ስትመጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ወለድሽ?»

«ሴት። ሙቀት ክፍል አስገብተዋት ነው እንጂ ይዣት እመጣ ነበር።»

«ማንን መሰለች?»

«ቁርጥ አንተን።»

የወንዱን ደብዳቤ ቀደደና የሴቷን ሰጣት። «እስቲ አንብቢው፣ ልስማው» አላት።

«ልጄ» ብላ ጀመረች፤ «የምትወጂው ሰው እንዳይከፋው ብለሽ እንኳ እንዳትዋሺ...»

ድምጿ ሳይሰበር እስከ መጨረሻው አነበበችለት። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ ትናንት ሕፃኗ ከተቀበረች ወዲህ ወተቷ እንዲደርቅ ጡቷን በጠፈረችበት ሻሽ ውስጥ ሸጎጠችው።