ለማንም ክፍት የሆነው ዳታ

የምንትዋብ የማስተርስ ጽሑፍ የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ዱቄት ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ከውሃ ያስወግዳል ይላል። በዚያው ዳታ ዛሬ ደግማ የሠራችው ስሌት ግን ምንም አያስወግድም አላት። ለካ ቀመሩን ኮምፒውተሩ ላይ ስትሞላ ተሳስታ ነበር።

"ነገ ገምጋሚዎች ፊት ልትቀርቢ ዛሬ እንዲህ ትይኛለሽ?" አሉ አማካሪዋ ዶክተር ኅሩይ። "በይ ለማንም ክፍት አድርገሽ የለቀቅሽውን ዳታ ከድረ ገጹ አጥፊውና ዝም በይ። የእኛን ዳታ ደግሞ ማን ያየዋል?"

እውነታቸውን ነው ብላ ልታጠፋው ገጹን ከፈተች። ከዳታው ሥር አንድ የገጠር መምህር ከነስልክ ቁጥሩ የጻፈው መልእክት ጠበቃት፤ "ዳታዎን አውርደን ተጠቅመንበታል። ሩቁን ምንጭ ትተን፣ የጉድጓዱን ውሃ በእርስዎ ዘዴ እያጣራን ተማሪዎቻችንን ማጠጣት ከጀመርን ወራት አለፉ። እግዚአብሔር ይስጥልን።"

ምንትዋብ ስልኳን አነሳች።

"ዶክተር፣ ነገ አልቀርብም" አለች ወደ አማካሪዋ ዞር ብላ። "አሁኑኑ ለመምህሩ ልደውልላቸው ነው።"